የሮታሪ የአባልነት ዕድገት ሰነዶች፦ ለእኛ ክለቦች ምን ያህል ይሠራሉ?

በአገራችን ያሉ የሮታሪ ክለቦች፣ ማለትም የልዩ ልዩ ሙያ ሰዎች ለበጎ አገልግሎት የሚሰባሰቡባቸው ማኅበራት፣ አዲስ ቦርድ ሥራውን በተረከበ ቁጥር ከሚያጸድቋቸው ግቦች መካከል የአባላትን ቁጥር ማሳደግ አንድም ዓመት አይጠፋም። ግቡ በቁጥር ይጻፋል፤ አባላት ወዳጆቻቸውን እንዲጋብዙ አደራ ይባላሉ፤ በዓመቱ አጋማሽ ላይ አዳዲስ ሰዎች የክለቡን ፒን በደረታቸው ሲያደርጉ ይጨበጨባል። ይሁን እንጂ የዓመቱ መጨረሻ ደርሶ መዝገቡ ሲታይ፣ የገቡትን ያህል ሰዎች ድምፃቸው ሳይሰማ ወጥተው ክለቡ ከተነሣበት ቁጥር ፈቀቅ ሳይል ይገኛል። ዓለም አቀፉ ድርጅት ሮታሪ ኢንተርናሽናል፣ ክለቦች ከዚህ አዙሪት እንዲወጡ ያግዛሉ ብሎ ያዘጋጃቸው ሰነዶች አሉ። በአዲስ አበባ ከሚገኙት ክለቦች በአንዱ የአባልነት ኮሚቴ ውስጥ ሆኜ ስለሠራሁባቸው፣ የሚጠቅሙበትንና የማይበቁበትን ለይቼ ለሌሎች ክለቦች ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የምገመግማቸው ሰነዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ክለቡ የራሱን የአባልነት ማሳደጊያ ዕቅድ እንዴት እንደሚያወጣ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ መመሪያ ነው። ሁለተኛው የአባልነት መገምገሚያ መሣሪያዎች የሚባለው የቅጾችና የመጠይቆች ስብስብ ሲሆን፣ በውስጡ የሙያ ስብጥር መመዘኛ፣ የአባላት ብዝኃነት መመዘኛ፣ የዕጩ አባላት ማፈላለጊያ መልመጃ፣ አባላት በክለቡ ምን ያህል እንደሚቆዩ የሚጠናበት ቅጽ፣ የአባላት እርካታ መጠይቅ፣ እንዲሁም ከክለቡ ለሚለቁ ሰዎች የሚቀርብ መጠይቅ ይገኛሉ። ሦስተኛው የክለብ ጤንነት መመርመሪያ የተባለው አጭር የምልክት ማድረጊያ ዝርዝር ነው። ሁሉም ከሮታሪ ድረ ገጽ በነጻ የሚወርዱ ናቸው፤ ማንኛውም ክለብ አማካሪ ሳይቀጥርና የሥልጠና ክፍያ ሳይከፍል ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። እነዚህ ሰነዶች ዋጋቸው ከፍ የሚለው ስለሚገቡት ሰዎች በሚናገሩበት ሳይሆን ስለሚወጡት በሚያስገድዱን ጥያቄ ነው። የሚደክሙት ደግሞ ሰው ቅር የተሰኘበትን ነገር በወረቀት ላይ በግልጽ ይጽፋል ብለው በሚያስቡበት፣ እንዲሁም የክለቡን ወጪና የዘመን አቆጣጠር የእኛን አገር ኑሮ ሳያውቁ በሚያቅዱበት ቦታ ነው። ስለዚህ እንዳሉ መገልበጥም ሆነ ፈረንጅ የጻፈው ለእኛ አይሆንም ብሎ መጣል ተገቢ አይደለም። የቱ ቅጽ ከየቱ እንደሚቀድም ለይቶ መጠቀም ያስፈልጋል።

ሰነዶቹ ስለ ሙያ ስብጥር አብዝተው የሚናገሩበት ምክንያት ከድርጅቱ አመጣጥ ጋር የተያያዘ ነው። ጠበቃው ፖል ሃሪስ እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1905 በቺካጎ ከተማ ከሦስት ሰዎች ጋር የመጀመሪያውን ስብሰባ ሲያደርግ፣ ሐሳቡ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሰዎች በየተራ አንዱ በሌላው ቢሮ እየተገናኙ እንዲወዳጁ ነበር፤ ሮታሪ የሚለው ስምም ከዚሁ መዘዋወር የመጣ ነው። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ልማድ ከእያንዳንዱ የሙያ ዘርፍ አንድ ሰው ብቻ መቀበል ነበር። ይህ ጥብቅ ደንብ ዛሬ ቢላላም አስተሳሰቡ አልጠፋም። ክለቡ የሚያገለግለው ማኅበረሰብ ውስጥ ያለው ሙያ ሁሉ በአባላቱ መካከል መታየት አለበት የሚለው መርሕ የዕቅዱ መነሻ ሆኖ ቀርቷል።

ሮታሪ በዓለም ዙሪያ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ አባላት አሉት። ይህ ቁጥር ግን ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው አካባቢ ሲመላለስ የቆየ ነው። በእነዚያ ዓመታት እጅግ ብዙ ሰው ወደ ሮታሪ ገብቷል፤ ቁጥሩ ከፍ ያላለው የገባውን ያህል ስለወጣ ነው። በአንድ ክለብ ውስጥ የምናየው ነገር በዓለም አቀፉ ድርጅት ላይ ገዝፎ ይታያል ማለት ነው። ስለዚህ የአባልነት ዕድገት ዕቅድ ማለት የግብዣ ዘመቻ ማለት ነው ብሎ የሚነሣ ቦርድ ገና ከጅምሩ የተሳሳተውን በር እየጠበቀ ነው። መመሪያው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ከመሳብ ጋር እኩል ስለ ማቆየት ይናገራል፤ የጤንነት መመርመሪያው ዝርዝርም ክለቡ በየዓመቱ ቢያንስ 90 በመቶ የሚሆኑ አባላቱን ያቆያል ወይ ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል።

ከሁሉም ቅጾች የበለጠ ያስተማረኝ የአባላት መቆያ ቅጽ ነው። ሲያዩት ቀላል ሰንጠረዥ ነው። ባለፉት ዓመታት ከክለቡ የወጡትን ሰዎች ዘርዝሮ እያንዳንዳቸው ስንት ጊዜ ቆይተው እንደወጡ በዘመን ክፍል መመደብ ነው፤ ዓመት ሳይሞላቸው የወጡ በአንድ በኩል፣ አንድና ሁለት ዓመት የቆዩ በሌላ በኩል፣ እያለ እስከ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ኮሚቴያችን አንድ ምሽት በአንድ አባል ቢሮ ተሰብስቦ የድሮ የስብሰባ መገኛ መዝገቦችን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይህን ቅጽ ሞላ። መዝገቡ ሰፊ ሽፋን ያለው፣ ገጾቹ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፊርማ የተሞሉ፣ የእንግዶች ስም በሥርዓት የተጻፈበት ነው። አንድ ሰው ስሙን ሲያነብብ ሌላው ከመቼ ጀምሮ መፈረም እንዳቆመ ገጹን እያገላበጠ ይፈልግ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሰዎች የሚለቁን ስለሚደክማቸው፣ ስለሚያረጁ ወይም ወደ ውጭ አገር ስለሚሄዱ ነው ብለን እናምን ነበር። ሰንጠረዡ ሲሞላ ግን አብዛኞቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይጨርሱ እንደወጡ ታየ። አንጋፋዎቹ አሉ፤ ያጣነው ገና ያልተለማመዱትን ነው። ያ ምሽት የኮሚቴውን አስተሳሰብ ለወጠው፤ ከዚያ በኋላ ማንን እንጋብዝ የሚለው ጥያቄ ቦታውን የገባውን ሰው በመጀመሪያው ዓመት ምን እናሠራው ለሚለው ለቀቀ።

የለቀቁ አባላት መጠይቅ ግን በእኛ ዘንድ እንዳለ አይሠራም። መጠይቁ ለለቀቀው ሰው ተልኮ፣ ሰውየው የለቀቀበትን ምክንያት ከቀረቡለት አማራጮች መርጦ አስተያየቱን ጨምሮ እንዲመልስ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ሥራችን ግን ከይሉኝታችን ጋር ነው። በኢትዮጵያ አንድ ሰው ከክለብ ሲወጣ ደብዳቤ ጽፎ አይሰናበትም። መጀመሪያ አንድ ስብሰባ ይቀራል፤ ቀጥሎ ስልክ ሲደወልለት «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ በሚቀጥለው እመጣለሁ» ይላል፤ ከዚያ መዋጮው ይዘገያል፤ በመጨረሻ ስሙ ከዝርዝሩ ይሠረዛል። ወረቀት ቢላክለት የሚመርጠው ምክንያት የታወቀ ነው፤ የጊዜ እጥረት የሚለውን። ማንንም የማያስቀይም መልስ ያ ብቻ ስለሆነ ነው። ኮሚቴው እነዚህን መልሶች ሰብስቦ የስብሰባ ሰዓት ቢለውጥ ችግሩ ባልተነካበት ቦታ ላይ ደከመ ማለት ነው።

እኛ መጠይቁን ወደ ጨዋታ ቀየርነው። ጥያቄዎቹን እንዳሉ ይዘን፣ በዕድሜም በአክብሮትም ከፍ ያሉ አንድ አንጋፋ አባላችን ከለቀቁት ጋር ቡና እየጠጡ እንዲያነሡላቸው አደረግን። ከእነርሱ አንዱ ወጣት ሒሳብ ባለሙያ ነበር። መጀመሪያ እንደተጠበቀው የሥራ ብዛት ነው አለ። አንጋፋው አባል ግን አልተቻኮሉም፤ ስለ ቤተሰቡና ስለ ሥራው ጠይቀው ብዙ ካጫወቱት በኋላ ወጣቱ ራሱ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎትና ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ነበር የምቀመጠው። ዓመት ሙሉ መጥቼ ይህን ሥራ አንተ ያዝልን ያለኝ ሰው አልነበረም።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም የታተመ አማራጭ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ለሌሎች ክለቦች የምሰጠው ምክር፣ መጠይቁን እንደ ማስታወሻ ይዛችሁ ጠያቂውን በጥንቃቄ ምረጡ የሚል ነው። ጠያቂው ቦርድ ላይ ያለ ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ ለቦርዱ ቅሬታ መንገር እንደ ክስ ይቆጠራልና።

በሥራ ላይ ያለ አባል ለምን እንደሚቆይ ለማወቅ ከፈለግን ደግሞ ከሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እድር የአባላት ማቆያ ዕቅድ ጽፎ አያውቅም፤ ሆኖም አባላቱ ትውልድ ተሻግረው አብረውት ይኖራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በእድር ውስጥ ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያመላልስ፣ ገንዘብ የሚሰበስብ፣ መርዶ የሚያደርስ ሰው ሁሉ ይታወቃል፤ የቀረ ሰው መቅረቱ በዚያው ዕለት ይታያል፤ በችግሩ ቀን ደግሞ ሌሎቹ ከበሩ ላይ ይቆሙለታል። የሮታሪ መመሪያ ስለ አዲስ አባላት አቀባበል ሲናገር ለአዲሱ ሰው አንድ አማካሪ አባል ይመደብለት፣ የሥራ ኃላፊነት ቶሎ ይሰጠው ይላል። ይህ ምክር በመመሪያው ውስጥ ከብዙ ምክሮች መካከል አንዱ ሆኖ ነው የተቀመጠው፤ በእኔ አስተያየት ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት።

ለአዲስ አባል ከሚሰጡ የመጀመሪያ ኃላፊነቶች ሁሉ ከሜዳ ሥራ የተሻለ አላየሁም። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ፖሊዮ ፕላስ የተባለውን ዘመቻ ከጀመረ ወዲህ የኢትዮጵያ ክለቦች ከቤት ወደ ቤት በሚካሄዱ የክትባት ዘመቻዎች ሲሳተፉ ኖረዋል፤ የአፍሪካ አህጉርም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ከዱር የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ተረጋግጧል። ከጤና ሠራተኞች ጋር ሠፈር ለሠፈር ሲዞር ውሎ፣ ክትባት የወሰደ ሕፃን ጣቱ ላይ ምልክት ሲደረግለት በዓይኑ ያየ አዲስ አባል ክለቡ ምን እንደሆነ በምሳ ላይ ከሚሰማው ንግግር ይልቅ በዚያ ቀን ይረዳዋል። የጤንነት መመርመሪያውም ከአባላቱ ስንቱ በእጅ ሥራ በሚሠራ አገልግሎት ላይ እንደተሳተፈ ይጠይቃል።

የሙያ ስብጥር መመዘኛው ሁለተኛው ጠንካራ ቅጽ ነው። አሠራሩ በማኅበረሰቡ ውስጥ ያሉትን የሙያ ዘርፎች ከዘረዘሩ በኋላ ከአባላት ዝርዝር ጋር ማስተያየት ነው። ይህን ስናደርግ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎችና አስመጪዎች ተደጋግመው ሲገኙ፣ በየቀኑ የምናወራላቸው የሶፍትዌር ሥራ፣ የግብርና ማቀነባበር፣ የግንባታ ምሕንድስና፣ የኪነ ጥበብ ዘርፎች ባዶ ሆነው ታዩ። የዕጩ አባላት ማፈላለጊያ መልመጃው ግን ብቻውን ከተሠራበት ችግሩን ያባብሰዋል። መልመጃው እያንዳንዱ አባል ከዘመዶቹ፣ ከሥራ ባልደረቦቹና ከሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ስም እንዲጽፍ ይጠይቃል። ሰው የሚያውቀው የሚመስለውን ነውና በአንድ ትምህርት ቤት ያለፉ፣ በአንድ ዘርፍ የሚሠሩ፣ በአንድ የዕድሜ ክልል ያሉ ስሞች ይሰበሰባሉ። ስለዚህ የሙያ መመዘኛውን አስቀድሞ ሠርቶ ባዶ የሆኑትን ዘርፎች ለአባላት ሰጥቶ «በዚህ ዘርፍ የምታውቁት ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የመልመጃውን ጥቅም ያበዛዋል። በመመሪያው ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል የተቀመጠ ቢሆንም በቂ አጽንዖት አልተሰጠውም።

ብዝኃነትን የሚመለከተው ቅጽ ዕድሜን፣ ጾታንና የመሳሰሉትን እንድንቆጥር ይጠይቃል። ሮታሪ ሴቶችን በደንቡ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1989 መሆኑን፣ የወጣቶቹን ክለብ ሮታራክትን የአባልነት ዓይነት አድርጎ ያወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 መሆኑን ስናስብ፣ ድርጅቱ ራሱ በዚህ ጉዳይ ዘግይቶ እንደተማረ እንረዳለን። ለእኛ ትልቁ ጉዳይ ከሮታራክት ወደ ሮታሪ የሚደረገው ሽግግር ነው። ወጣቶቹ ለዓመታት ደም ሲያስለግሱ፣ ዛፍ ሲተክሉ፣ መጻሕፍት ሲሰበስቡ ይቆዩና ሥራ ይዘው ትዳር ሲመሠርቱ ይጠፉብናል። ቅጹ ስንት ወጣት እንዳለን ያስቆጥራል፤ ከሮታራክት የወጣው ወጣት የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ረድፍ ግን በራሳችን ጨመርንበት።

ሰነዶቹ ጨርሶ የማይበቁት ስለ ገንዘብ ነው። የዓለም አቀፉ መዋጮ በአሜሪካ ዶላር የሚሰላ ሲሆን በአሁኑ ጊዜ ለአንድ አባል በዓመት 80 ዶላር ገደማ ነው፤ የሚጠየቀውም ክለቡ ሐምሌ 1 እና ጥር 1 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ባሉት አባላት ቁጥር ልክ ነው። መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከ4,600 ብር ያልበለጠ የነበረው የአንድ አባል ዓለም አቀፍ መዋጮ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ8,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ደመወዙ ያልተጨመረ መምህር ወይም ነርስ ይህን እንዴት እንደሚሸከም ዕቅዱ መልስ ሊኖረው ይገባ ነበር። በዚህ ላይ የዲስትሪክት (በአንድ አካባቢ ያሉ ክለቦች የሚሰባሰቡበት ክፍል) መዋጮ፣ የክለቡ መዋጮና በሆቴል የሚበላው ምሳ ወይም እራት ይጨመራል። የእርካታ መጠይቁ ወጪው ተመጣጣኝ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ግን ክለቡ ወጪውን በምን መንገድ እንደሚቀንስ የሚያስቆጥር ሠንጠረዥ የለውም።

መፍትሔው በከፊል በድርጅቱ ደንብ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሮታሪ የሕግ ምክር ቤት ክለቦች የስብሰባ ቀንን፣ የመገኛ ግዴታንና የአባልነት ዓይነትን እንደየሁኔታቸው እንዲወስኑ ነጻነት ሰጥቷል፤ በወር ሁለት ጊዜ መሰብሰብ በቂ ሆኗል። ብዙ ክለቦቻችን ግን ሳምንታዊውን የሆቴል ስብሰባ እንደ ማንነታቸው ስለሚያዩት ይህን ነጻነት አልተጠቀሙበትም። ከሁለት ስብሰባዎች አንዱን በአባል ቢሮ ወይም በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በሻይና በዳቦ ማድረግ የአንድ አባልን ዓመታዊ ወጪ በግልጽ ይቀንሰዋል፤ መካከለኛ ገቢ ያላቸውን ባለሙያዎች ለመጋበዝም አንደበት ይሰጣል። ሳተላይት ክለብ የሚባለውም አሠራር ሊታሰብበት ይገባል። አዲስ ክለብ ለመመሥረት 20 መሥራች አባላት ሲያስፈልጉ፣ በነባር ክለብ ሥር ሳተላይት ለመጀመር ስምንት ሰዎች ይበቃሉ። ምሽት ላይ መምጣት የማይችሉ እናቶች ወይም ከከተማው ዳር በአዳዲስ የጋራ መኖሪያ ሠፈሮች የሚኖሩ ሰዎች በራሳቸው ቀንና ቦታ ሊሰባሰቡ ይችላሉ።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም ዕቅዱን ያበላሻል። የሮታሪ ዓመት የሚጀምረው ሰኔ 24 ቀን ነው፤ ይህ ከመንግሥት የበጀት ዓመት መጀመሪያ ከሐምሌ 1 ቀን በአንድ ሳምንት ብቻ ስለሚለይ ለሒሳብ ሥራ ይመቻል። ነገር ግን ድርጅቱ ለአባልነት የመደበው ወር የፈረንጆች ኦገስት ነው፤ በእኛ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 25 ማለት ነው። ወቅቱ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ምሽት ላይ ይበረታል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ትጾማለች፤ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ዘመድ ይሄዳል ወይም ከውጭ የመጣ እንግዳ ያስተናግዳል፤ መስከረም ሲመጣ ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያና የበዓል ወጪ ይከተላል። በዚህ ጊዜ የሚዘጋጅ የእንግዳ መቀበያ ምሽት ወንበሩ ባዶ ሆኖ ማምሸቱ አይቀርም። ክረምቱን ለመጠይቁና ለመዝገብ ጥናቱ ሰጥቶ፣ ግብዣውን ወደ ጥቅምትና ኅዳር ማሸጋገር ይሻላል። የሁለተኛው ክፍያ ቀን ታኅሣሥ 23 ላይ፣ ገና ሊከበር ስድስት ቀን ሲቀረው መዋሉንም ገንዘብ ያዡ አስቀድሞ ለአባላት ቢያስታውስ መልካም ነው።

ስለ ጤንነት መመርመሪያው ብዙ የምለው የለኝም። አጭር ነው፤ በአንድ ስብሰባ ላይ ይጠናቀቃል፤ ምልክት ባልተደረገበት ጥያቄ ፊት ለፊት የሚመከረው እርምጃ ተጽፎለታል። ቦርዱ ብቻውን ከሚሞላው ይልቅ ለአባላት ሁሉ ታድሎ ያለ ስም ቢሞላና ልዩነቱ ቢታይ ይበልጥ ይጠቅማል።

እንደ ሮታሪ ያለው ሌላው ዓለም አቀፍ የአገልግሎት ክለቦች ድርጅት ላየንስ ክለቦች ኢንተርናሽናልም የራሱ የአባልነት አካሄድ አለው፤ ቡድን መገንባት፣ ራእይ መገንባት፣ ዕቅድ መገንባት፣ ስኬትን መገንባት የሚሉ አራት ደረጃዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1917 የተመሠረተውና ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጉ አባላት ያሉት ይህ ድርጅት ከጥናቱ በፊት ቡድኑን ማስቀደሙ የሚያስመሰግነው ነው፤ ሥራውን የሚሸከሙ ሰዎች ሳይታወቁ የተጻፈ ዕቅድ ባለቤት ስለማይኖረው። በአንጻሩ የሮታሪ ቅጾች ዝርዝር ስላላቸው ልምድ የሌለው ኮሚቴ እንኳ ከየት እንደሚጀምር አይቸገርም። ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም የሚከለክል ነገር የለም።

የቋንቋው ችግር ሳይነሣ አይታለፍም። ሮታሪ ሰነዶቹን የሚያወጣባቸው ቋንቋዎች እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ፖርቱጋልኛና ስፓኒሽ ናቸው፤ አማርኛ የለበትም። የዋና ከተማው ክለቦች አባላት እንግሊዝኛውን ያነባሉ፤ ሆኖም ስለ ቅሬታ የሚጠይቅን መጠይቅ በሥራ ቋንቋ መመለስና በልብ ቋንቋ መመለስ እጅግ ይለያያል። ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ክለቦች ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ያሉ ክለቦች ተባብረው ቢያንስ የእርካታ መጠይቁንና የመቆያ ቅጹን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ቢያዘጋጁ ለእያንዳንዱ ክለብ የብዙ ወራት ድካም ይቀንሳሉ። በዲስትሪክት 9212 ውስጥ ከኬንያ፣ ከኤርትራና ከደቡብ ሱዳን ክለቦች ጋር ስለምንሰባሰብ፣ በዲስትሪክቱ ሥልጠናዎች ላይም ይህ ጥያቄ ሊቀርብ ይችላል።

በመጨረሻ የዕቅድ ማውጫ መመሪያው ራሱ። ግብን በሚለካና የጊዜ ገደብ ባለው መልክ ማስቀመጥን ያስተምራል፤ ለእያንዳንዱ ግብ ኃላፊ፣ ቀንና በጀት እንዲመደብ ይጠይቃል። ችግሩ የእኛ ክለቦች ፕሬዚዳንት በየዓመቱ መለወጡ ነው። አዲሱ ፕሬዚዳንት የራሱን ግብ ይዞ ስለሚመጣ ያለፈው ዓመት ሰነድ በጸሐፊው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል፤ የገባው አባል ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንደሚወጣ ካወቅን ደግሞ የአንድ ዓመት ዕቅድ ውጤቱን ለማየት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ዕቅዱን የሚያወጡት ያለፈው፣ ያለውና የሚመጣው ፕሬዚዳንት ከአባልነት ኮሚቴው ጋር አብረው ቢሆኑና ዘመኑ ሦስት ዓመት ቢደረግ እመክራለሁ።

ይህን ሥራ ዛሬ ለመጀመር የሚፈልግ ክለብ ሁሉንም ቅጾች በአንድ ጊዜ ማተም አያስፈልገውም። በክረምቱ የመቆያ ቅጹን ከስብሰባ መዝገቡ ላይ ይሙላ፤ የለቀቁትን በሚያከብሯቸው ሰው በኩል ያነጋግር፤ የሙያ መመዘኛውን ሠርቶ ባዶዎቹን ዘርፎች ለአባላት ያሳውቅ፤ የስብሰባውን ወጪ በብር አስልቶ ለቦርዱ ያቅርብ። እነዚህ አራቱ ካለቁ በኋላ በጥቅምት ወር ለሚጋበዙት እንግዶች የመጀመሪያውን የሜዳ ሥራ ቀንና ቦታ፣ አብሯቸው የሚሄደውንም አባል ስም በግብዣው ወረቀት ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።